ለሙዚቃዊ ቲያትር ድራም መጫወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። እኔ ተረቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለዓመታት ክለብ ውስጥ ስጫወት ስለቆየሁ ድራም እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ወዳጄ ደውሎ «የሙዚቃዊ ቲያትራችን ድራመር ታሞብናል፣ ድረስልን» አለኝ። ምን ችግር አለው ብዬ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዜ በላብ ራሰ። ሁለቴ የትኛው ባር ላይ እንዳለን ጠፋኝ (የኖታውን ባር፣ ሙዚቃው የሚቆጠርበትን ክፍል ነው የምላችሁ)። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከሥራው አልወጣሁም። ከታች ያሉት ይህን ሥራ ሊሞክሩ የሚያስቡ ድራመሮች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ናቸው።

ከተለመደው የባንድ ሥራ በምን ይለያል?

ኮንሰርት ላይ ሰው የሚመጣው ባንዱን ሊሰማ ነው። እዚህ የሚመጣው ታሪክ ሊያይ ነው። ተዋናይዋ የምትለው ካልተሰማ የእናንተ ምት የቱንም ያህል ቢጥም ዋጋ የለውም። ድራሙ ቃሉን ይከተላል እንጂ ቃሉ ድራሙን አይከተልም። ሲነገር ቀላል ነው። ሌላ ቦታ ሁሉ ባንዱን ሲነዳ ለኖረ ድራመር ግን ይከብዳል።

ሌላው ነገር ድግግሞሹ ነው። ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር) ላይ አንድ ሾው በተለምዶ በሳምንት 8 ጊዜ ይታያል። ዳንሰኛዋ የምትዘለው ትናንት ሲምባሉ (የብረት ሳህኑ) በተመታበት ቅጽበት ላይ ነው። መብራቱም እዚያው ላይ ይቀየራል። «ዛሬስ ትንሽ ላሳምረው» ብላችሁ ፊሉን (መሸጋገሪያዋን አጭር የድራም ጌጥ) ከለወጣችሁት እሷ አየር ላይ ግራ ትጋባለች። ስለዚህ ስምንተኛውን ልክ እንደ መጀመሪያው ትጫወታላችሁ። መሰልቸት አይቀርም። እንዳይሰማባችሁ ማድረግ ነው ሥራው።

ኖታ ማንበብ የግድ ነው?

አዎ። በጆሮ ብቻ የሚጫወት ጎበዝ ድራመር ብዙ ቦታ እንጀራውን ይበላል፤ እዚህ ግን ይቸገራል። ተዋንያኑ ለሳምንታት በፒያኖ ብቻ ሲለማመዱ ይቆያሉ። ባንዱ የሚመጣው መክፈቻው ሲቃረብ ነው፤ የሚሰጠው የልምምድ ቀንም በጣት የሚቆጠር ነው። የድራም መጽሐፉ ደግሞ (ሙዚቀኞች «መጽሐፍ» ነው የሚሉት) ከ100 ገጽ ሊያልፍ ይችላል። ያንን ሁሉ በጆሮ ለመያዝ ጊዜ የለም።

ታዲያ ንባቡ ስኔር (ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) ላይ የተጻፈ ከባድ ነገር መፍታት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ ፈተናው ሌላ ነው። ዘፈኑ በ4/4 (በየባሩ አራት ምት) እየሄደ ድንገት አንድ ባር 2/4 (ሁለት ምት) ይገባል፤ ምክንያቱም ግጥሙ ላይ አንዲት ቃል ተርፋለች። ከዚያ 3/4፣ ከዚያ 5/8። ከቃሉ ጋር ከሄዳችሁ ሁሉም ትርጉም አለው። ቁጥር ብቻ ከቆጠራችሁ ትስታላችሁ።

አንዳንድ ገጽ ላይ ደግሞ ምንም የተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰያፍ መስመሮች ብቻ፣ ከላይ «ስዊንግ» (የጃዝ ምት) የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጥሩምባዎቹ የሚመቱትን የሚያሳዩ ትንንሽ ኖታዎች። አቀናባሪው «የምትሠራውን ታውቃለህ» እያላችሁ ነው። የትኛውን የጥሩምባ ምት አብራችሁ እንደምትመቱ፣ የትኛውን እንደምታልፉት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በእኔ ግምት ለሁሉም ካጨበጨባችሁ ለማንም አላጨበጨባችሁም።

እኔ የሮክ ድራመር ነኝ። ይሆንልኛል?

ይሆናል፣ ግን ሮክ ብቻ አይበቃም። ሮክ ወደ ብሮድዌይ በትልቁ የገባው በአውሮፓውያኑ 1968 «ሄር» በተባለው ሾው ነው፤ በ2015 ደግሞ «ሃሚልተን» የተባለው ሂፕ ሆፕን ዋና ቋንቋው አደረገ። ስለዚህ በሩ ለሁሉም ዓይነት ድራመር ክፍት ነው። ነገር ግን አንድ ሾው ውስጥ በሁለት ሰዓት ተኩል ዋልዝ፣ ማርሽ፣ ስዊንግ፣ ታንጎና ፈንክ ሊገጥማችሁ ይችላል። ሁሉንም እንደ ሊቅ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። እያንዳንዱን ስትጫወቱ ግን ከልብ መሆን አለበት። በተለይ ብሩሽ (ትንሽ መጥረጊያ የሚመስለውን መምቻ) ተለማመዱ። ብሩሽ የማይችል ድራመር ቲያትር ውስጥ ግማሽ እጁን ቤት ትቶ እንደመጣ ነው።

ቫምፕ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ሁሉም የሚፈራውስ ለምንድን ነው?

ቫምፕ ማለት እስኪበቃ ድረስ የሚደጋገም አጭር ሙዚቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 4 ባር ነው። ተዋናዩ ተናግሮ እስኪጨርስ፣ ሶፋው ከመድረክ እስኪወጣ ወይም አንዷ ልብስ ቀይራ እስክትመለስ ባንዱ እዚያው ይሽከረከራል። ስንት ጊዜ እንደሚዞር ኖታው አይነግራችሁም። ትናንት 3 ነበር፤ ዛሬ 5 ሊሆን ይችላል። ታዳሚው ከሳቀ ተዋናዩ ሳቁ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ እናንተም አብራችሁት ትጠብቃላችሁ።

መውጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ቫምፕ የሚወጣው ዙሩ ሲያልቅ ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የባንዱ መሪ ምልክት በሰጠበት ቅጽበት፣ መሃል ላይም ቢሆን፣ ተቆርጦ ወደ ቀጣዩ ይዘለላል። የቱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁና ጻፉ። «ሴፍቲ» የሚል ካያችሁ መጠባበቂያ ነው፦ ካስፈለገ ይደገማል፣ ካላስፈለገ ታልፎ ይኬዳል።

ጀማሪ ድራመር እዚህ ላይ የሚሠራት አንዲት ስህተት አለች። ቫምፑ ሲሰለቸው ፊል ይጨምራል። ፊል ግን ወሬ ነው፤ «አሁን ልንወጣ ነው» ይላል። ተዋናዩ ይሰማና ንግግሩን አሳጥሮ ለመዝፈን አየር ይስባል። ባንዱ ግን ገና አልወጣም። ሰውየው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ቫምፕ ላይ ምቱን ይዛችሁ ዝም በሉ።

አንድ ምሽት የመድረኩ በር አልከፈት አለ። ተዋናዩ ከኋላ ይገፋል፤ እኛ 2 ባር እንዞራለን። እንዞራለን። ሃያኛው ዙር አካባቢ ሐሳቤ ሄደ። በሩ ተከፈተ፣ መሪያችን እጇን አነሳች፣ ባንዱ ወጣ። ቀጣዩ ባር ለሁሉም ጸጥታ ነበር። ለእኔ ግን ገና ቫምፕ ነው። ስኔሬ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ብቻውን ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመውጫው በፊት ያለውን የተዋናዩን የመጨረሻ አምስት ስድስት ቃል በእርሳስ እጽፋለሁ። ጆሮ ቃል ሲጠብቅ ሐሳብ አይሄድም።

መሪውን ልይ ወይስ ኖታውን?

ሁለቱንም በአንድ እይታ። የኖታ ማስቀመጫውን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ የመሪው እጅ ከገጹ ጫፍ በላይ እንዲታያችሁ አድርጉ። አንገታችሁን ማዞር ካስፈለጋችሁ አቀማመጡ ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህን ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ ቢፈጅባችሁም አይቆጫችሁ።

ብዙ ቦታ መሪው ራሱ ኪቦርድ ይጫወታል። ሁለቱም እጁ ተይዟል። ስለዚህ የሚመራችሁ በጭንቅላቱ፣ በቅንድቡ፣ አንዳንዴም በትንፋሹ ነው። የእያንዳንዱን መሪ ጭንቅላት መልመድ አለባችሁ፤ አንዱ ወደ ታች ሲያደርግ ይመታል፣ ሌላው ወደ ላይ ሲመልስ።

ከመሪው ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ በካሜራና በስክሪን ነው የምታዩት። ስክሪኑን ቀድማችሁ ፈትኑት። አንዳንድ ዲጂታል ስክሪን ምስሉን በትንሹ አዘግይቶ ያሳያል። ያቺ ትንሽ መዘግየት ለሌላ ሰው ምንም አይደለችም። ለድራመር ግን ዘፈኑን ሁሉ ወደኋላ መጎተት ነው።

«ኮላ ቮቼ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ቁጥሩን እርሱት። ድምፁን ተከተሉ ማለት ነው። ዘፋኟ ቃሉን እንደፈለገች ታስረዝማለች፣ መሪው እሷን ይከተላል፣ እናንተ መሪውን። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የድራመር ሥራ ብዙውን ጊዜ በለስላሳ ማሌት (ጫፉ በተጠቀለለ መምቻ) የሲምባሉን ድምፅ ቀስ በቀስ ማሳደግ ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ስታምር ታምራለች።

ድራሜ በጣም ይጮኻል ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ያልተባለ የቲያትር ድራመር አላውቅም። እኔም ዛሬም እባላለሁ።

መጀመሪያ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እንለይ። አብዛኛውን ጊዜ ስኔሩ አይደለም፤ ሲምባሉ ነው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች፣ እነ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ጠ»፣ ከፍ ባለው፣ ቀጭን በሆነው የድምፅ ክልል ነው የሚቀመጡት። የሲምባል ሽሽታም እዚያው ሰፈር ነው። ተዋናዩ «ሰማኝ» ይበል «ጠማኝ» የምትለየው አንዲት ድምፅ ናት። ሲምባሉ እሷን ከሸፈናት ታዳሚው ሰውየው ይሰማ ይጠማ አያውቅም። ስለዚህ ሰው እየዘፈነ ራይዱን (ትልቁን ሲምባል) ትታችሁ ሃይሃቱን (በእግር የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል) ዘግታችሁ ተጫወቱ። ክራሽ (ጮኾ የሚፈነዳውን ሲምባል) የምትመቱት በሁለት ስንኝ መሃል፣ ትንፋሽ በሚሳብበት ቦታ ይሁን።

ቀጥሎ ዕቃው። 22 ኢንች ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ቤት ይቅር፤ 18 ወይም 20 በቂ ነው። ሲምባል ቀጭንና ትንሽ ይሁን። ስኔር ላይ ጨርቅ ወይም ቴፕ ለጥፉ። በስቲክ ፈንታ ከቀጫጭን እንጨት የታሰረውን ዘንግ ሞክሩ። አንዳንድ ቲያትር ቤት በድራሙ ዙሪያ ግልጽ የፕላስቲክ ግድግዳ ያቆማል። ለታዳሚው ጥሩ ነው፤ ለእናንተ ግን ድምፁ ሁሉ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋናው እጃችሁ ነው። ቀስ ብሎ መምታትና ደክሞ መምታት አንድ አይደሉም። ብዙ ድራመር ድምፁን ሲቀንስ ቴምፖውም (ፍጥነቱም) ነፍሱም አብሮ ይወርዳል። ቤት ስትለማመዱ ስቲኩን ከቆዳው ከአራት ጣት በላይ ሳታነሱ አንድ ፈጣን ሮክ ሙሉውን ተጫወቱ። ክንዳችሁ ይቃጠላል። ምቱ ግን እንደ ጩኸቱ ጊዜ ሊገፋ ይገባል። ይህን ልምምድ በየቀኑ ብታደርጉት ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይበልጥባችኋል።

ምን ምን ዕቃ ይዤ ልምጣ?

ይህ በሾው ይለያያል። ሁለት ተጫዋች ካለ አንዱ ድራም፣ ሌላው ፐርከሽን ይይዛል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ድራሙ ላይ ትራያንግል፣ ታምቡሪን፣ የእንጨት ብሎክ፣ ካውቤል፣ የሚንሿሿ ዘንግ፣ ግሎከንሽፒል (በመምቻ የሚመቱ የብረት ዘንጎች)፣ አንዳንዴም ፊሽካ ይጨመራል። መጽሐፉን ስትቀበሉ መጀመሪያ ገጾቹን ገልብጣችሁ የዕቃውን ዝርዝር አውጡ። የልምምዱ ቀን ላይ «ግሎከንሽፒል ነበረው እንዴ?» ማለት አያምርም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ድራም ሰት ራሱ ያደገው በትርኢት ቤት ነው። ድሮ ስኔሩን አንዱ፣ ቤዝ ድራሙን ሌላው ይመታ ነበር። ቦታም ደሞዝም ሲጠብ ሁሉም ወደ አንድ ሰው መጣ። በአውሮፓውያኑ 1909 ዊልያም ሉድዊግ የተባለ የቺካጎ ድራመር ፈጣን የቤዝ ድራም ፔዳል በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ አንድ ሰው በአራት እጅና እግሩ መጫወቱ ተመቸ። በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ደግሞ የፈረሱ ኮቴ፣ የባቡሩ ፉጨት፣ የሰው መውደቅ ሁሉ የድራመሩ ሥራ ነበር። ዛሬም ኮሜዲ ላይ ተዋናዩ ሲንሸራተት «ቧ!» የምትለው ድራመሩ ነው። ለዚህች ኖታ አታዩም፤ እግሩን ታያላችሁ።

ዕቃ መቀያየሩ ላይ ነው ጣጣው። ብሩሽ አስቀምጦ ማሌት ለማንሳት 2 ባር ብቻ ሊኖራችሁ ይችላል። የት እንደምታስቀምጡ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ሁልጊዜም እዚያው አስቀምጡ። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ። እኔ ይህን የተማርኩት ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊሞት ሲያጣጥር የትራያንግሉን መምቻ ብረት በጣልኩ ቀን ነው። ኪንንን አለ። ሰውየው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ወደ እኔ ሲያይ ታዳሚው ሳቀ። ከዚያ ሞተ።

ሁልጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምንጫወተው?

አይደለም። ከመድረኩ ፊት ዝቅ ያለው የኦርኬስትራ ጉድጓድ የተለመደው ነው። ግን ባንዱ መድረክ ላይ የሚቀመጥባቸው ሾዎች አሉ። ድራመሩ ለብቻው ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በማይክ የሚሰማበትም አለ። ይሄ ለጩኸቱ መፍትሔ ነው፤ ለብቸኝነቱ ግን አላውቅም።

ምን ልልበስ?

ጥቁር። ካልሲውም ጥቁር።

በክሊክ ነው የምንጫወተው?

በሾው ይወሰናል። የተቀዳ ድምፅ ወይም ቪዲዮ ካለ በጆሮ ማዳመጫ ክሊክ (ፍጥነቱን የሚጠብቅ ቋሚ «ቲክ ቲክ» ድምፅ) ይኖራል። ክሊክ ማንንም አይጠብቅም፤ ስለዚህ ከክሊክ የወጣ ዘፋኝ ሲመጣ መሃል ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ክሊኩን አትልቀቁ።

ክሊክ ከሌለ ቴምፖውን መሪው ይሰጣል፤ አጽንቶ የሚይዘው ግን ድራመሩ ነው። የየዘፈኑን የሜትሮኖም (የምት መቁጠሪያ መሣሪያ) ቁጥር ገጹ አናት ላይ ጻፉ። ድምፅ ሳያሰማ በብርሃን ብቻ የሚመታ ሜትሮኖም ጎናችሁ አድርጉ። በመክፈቻው ምሽት የሁሉም ሰው ልብ ይሮጣል። በልምምድ ልክ የነበረው ፍጥነት ዘገምተኛ ይመስላችኋል። አትመኑት። ዳንሰኞቹ የለመዱትን ፍጥነት ነው እግራቸው የሚያውቀው።

በተን ምንድን ነው?

የዘፈኑ የመጨረሻዋ ምት ናት። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ዘፈኑን ትዘጋዋለች። ዳንሰኞቹ ቀጥ ይላሉ፣ መብራቱ ይቀየራል፣ ታዳሚው ያጨበጭባል። ይህ ሁሉ በአንድ ቅጽበት እንዲሆን ቀድማ የምትመጣዋን አጭር ፊል የምትመቱት እናንተ ናችሁ። ፊሏ ግልጽ ትሁን። የተወሳሰበ ነገር ከመታችሁ ሁሉም የየራሱን መጨረሻ ይገምታል፤ ጭብጨባውም ሳስቶ ይቀራል።

ተዋናዩ አንድ ስንኝ ቢዘልስ?

ትከተሉታላችሁ። ቀጥ ያለ ምት ይዛችሁ ዓይናችሁን ወደ መሪው። የባር ቁጥር ይጠራላችኋል ወይም በጣት ያሳያችኋል። የት እንዳላችሁ እርግጠኛ እስክትሆኑ ክራሽ አትምቱ። ክራሽ ማለት «እዚህ ነን» ማለት ነው፤ ባንዱ አምኗችሁ ይመጣል። ተሳስታችሁ ከሆነ ሁላችሁም አብራችሁ ገደል ገባችሁ።

ዚትስፕሮብ ምንድን ነው?

ጀርመንኛ ነው፤ ተቀምጦ የሚደረግ ልምምድ ማለት ነው። ተዋንያኑና ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚያሳልፉበት ቀን ነው። ጭፈራ የለም፣ ዝም ብለው ይዘፍናሉ። ለሳምንታት ፒያኖ ብቻ ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ድንገት ሙሉ ባንድ ሲሰሙ ፊታቸው የሚሆነውን ማየት ከዚህ ሥራ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ተተኪ ድራመር ሆኜ ልገባ ነው። ምን ላድርግ?

አብዛኞቻችን በዚህ በር ነው የገባነው። እንደ እኔ ሳይዘጋጁ አለመግባት ነው እንጂ።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቃችሁ ከቋሚው ድራመር ጎን ተቀምጣችሁ ሾውን እዩ። መጽሐፉን ይዛችሁ ተከታተሉ። መሪው የት ምልክት እንደሚሰጥ፣ ድራመሩ ዕቃ የት እንደሚቀይር፣ ገጹን መቼ እንደሚገለብጥ ጻፉ። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጡ ኖታውን ትታችሁ መሪውን ብቻ እዩ። ሾውን ለመለማመጃ ለመቅዳት ከተፈቀደላችሁ ቤት ሄዳችሁ አብራችሁት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱ፤ ዘፈን በዘፈን ብቻ ሳይሆን ንግግሩንም እየጠበቃችሁ።

ቀኑ ሲደርስ የእናንተ ዓላማ ቋሚው ድራመር እንዳልመጣ ማንም እንዳያውቅ ነው። የእሱን ፊል ምቱ። እናንተ የተሻለ ፊል ታውቁ ይሆናል። ቤት ይቆይ። የመቀመጫውን ከፍታ አስተካክሉ እንጂ ሌላውን ዕቃ አታንቀሳቅሱ፤ ካንቀሳቀሳችሁም ምልክት አድርጋችሁ መልሱት።

ጆሮዬስ?

ይህን ቀልድ አታድርጉት። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ምክር እንዲህ ነው፦ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ላይ በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጠበብ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ድራም 100ን ማለፉ አያስቸግረውም። ለሙዚቀኛ የተሠራ የጆሮ መክደኛ ድምፁን እኩል ይቀንሳል እንጂ አያፍነውም። ከኋላችሁ የተቀመጠውን ሰውም አስቡ፤ ክራሹ ለእሱ ጆሮ ቅርብ ነው።

የድራም ሶሎ አለው?

የለውም። ካለም ሰው እየወጣ እያለ በሚጫወተው የመሸኛ ሙዚቃ ላይ ነው። እዚያ ላይ ልቀቁት።

ኖታው ላይ መጻፍ ይፈቀዳል?

በእርሳስ ብቻ። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የኪራይ ነው፤ ሾው ሲያልቅ ይመለሳል፤ የተጻፈውም ሁሉ ጠፍቶ እንዲመለስ ይጠበቃል። ስለዚህ እስክሪብቶ እንዳታስጠጉ። ለስለስ ያለ እርሳስና ጥሩ ላጲስ ያዙ። በታብሌት የምትጫወቱ ከሆነም ገጽ የሚገለብጥ የእግር ፔዳል ይረዳል፤ ባትሪውን ግን አደራ።

አንድ ጊዜ የደረሰኝ መጽሐፍ ላይ የቀደመው ድራመር አንዲት ነገር ሳያጠፋ ረስቷል። አስቸጋሪ የፍጥነት ለውጥ ያለበት ገጽ ላይ፣ ጥግ ላይ፣ በጣም በደበዘዘ እርሳስ «እዚህ ጋ አትቸኩል» ይላል። በየምሽቱ እዚያች ጥግ ላይ ስደርስ አየዋለሁ፤ አልቸኩልም። ሾው አልቆ መጽሐፉ ሊመለስ ሲል ላጲሴን ይዤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። የራሴን ሁሉ አጠፋሁ። እሷ ግን የእኔ አልነበረችም።